የሃርድ ድራይቩ መርዶ

ሰርፀ አምስት ደቂቃ ሙሉ ቁጭ ብሎ አይቼዋለሁ የሚል ሰው ካለ ውሸቱን ነው። ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ በሱዳን በኩል ተሰድዶ ላስ ቬጋስ ከገባ አርባ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ከዚያ ውስጥ ሠላሳ አንዱን ያሳለፈው በአንድ ትልቅ ካዚኖ የድግስ አዳራሽ ወንበር ሲደረድር ነው። ከሰዓት በኋላ ሺፍቱን ይገባል፣ ስድስት መቶ ወንበር ይዘረጋል፣ ስድስት መቶ ወንበር ያጥፋል፤ ባልደረቦቹ ወገባቸውን ይዘው ሲያቃስቱ እሱ "ሌላስ ምን አለ?" ይላል። ሚስቱ ኤልፍነሽ በአንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ስለምትሠራ ድካም ምን እንደሆነ ታውቃለች። ባሏ ድካሙን የት እንደሚያደርሰው ግን እስከ ዛሬ አልገባትም።

ከሥራው ሌላ ሁለት ሹመቶች አሉት፤ ሁለቱንም በይፋ የሾመው ሰው የለም። አንደኛው ቪዲዮ ነው። የከተማው ሐበሻ ሲያገባ፣ ክርስትና ሲያነሳ፣ ልጅ ሲያስመርቅ ሰርፀ ካሜራውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል፤ ሰው ጉርሻውን ሳይውጥ "አንድ ቃል ለሙሽሮቹ!" ብሎ ድቅን ይላል። ሁለተኛው መርዶ ነው። ሰው ሲሞት የእድሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ወልደሥላሴ መጀመሪያ የሚደውሉት ለሰርፀ ነው፤ ይችልበታላ። ሽማግሌ አስከትሎ በማለዳ፣ ሰው ወደ ሥራ ሳይወጣ በር ያንኳኳል። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ለብቻ አይነገርም፣ በአንዴም አይነገርም። መጀመሪያ "ትንሽ አሞት ነው" ይባላል፤ ቀጥሎ "ጠንከር ብሎበታል"፤ እውነቱ የሚወጣው ደጋፊ ሰው ሲሰበሰብ ነው። በዚህ የተነሳ በጠዋት የሰርፀ ስም ስልካቸው ላይ ሲመጣ ለማንሣት የሚፈሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። እሱ ይህን አያውቅም፤ ወይም ማወቅ አይፈልግም።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ለእትዬ የሺሃረግ የልጃቸውን የናኦድን ሞት ያረዳቸውም እሱ ነው። ናኦድ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ሰመርሊን ሰፈር ካለው መሥሪያ ቤቱ ሲመለስ አውራ ጎዳናው ላይ መኪናው ተገለበጠች። ከዚያ ወዲህ እትዬ የሺሃረግ ሰርፀን ሲያዩ መንገድ ይቀይራሉ። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቢገጣጠሙ ነጠላቸውን ወደ ፊት ሳብ አድርገው ያልፋሉ። ይህ ነገር በሰርፀ ውስጥ ሲብላላ ኖረ። "ምን አጠፋሁ?" ይላል ለኤልፍነሽ፣ ሳሎኑን ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ። "ምንም አላጠፋህም" ትለዋለች፤ ስትለው ግን ዓይኑን አታየውም።

ታዲያ ዘንድሮ በግንቦት፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ መኪና ማቆሚያው ውስጥ እትዬ የሺሃረግ ራሳቸው ወደ እሱ መጡ።

"ሰርፀ፣" አሉት፣ ሰላምታ የለ ምን የለ፣ "ልጄ አንተ ጋ አለ?"

ሰርፀ የመኪናውን ቁልፍ እንደያዘ ወደ ኋላው ዞሮ አየ።

"ቪዲዮህ ውስጥ ማለቴ ነው። ሲናገር።"

"አለ እንጂ እትዬ! የአክስቱ ልጅ ስትዳር አለ። እኔው ነኝ ያናገርኩት።"

"ፎቶውን ሁሉ እህቱ ሔዋን ሰብስባ ሻንጣ ውስጥ ቆልፋበታለች፤ እኔም አውጪልኝ አላልኳት። ፊቱ አልጠፋኝም።" እጃቸውን ወደ ጆሯቸው አነሡና መልሰው ጣሉት። "ድምፁ ነው። ድምፁ እየጠፋኝ ነው። እኔ ስጠራው ይሰማኛል፤ እሱ ሲመልስልኝ አይሰማኝም። አምጣልኝ።"

"ነገውኑ!" አለ ሰርፀ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያላናገሩት ሴት አናግረውት ሌላ ምን ሊል ኖሯል? ቤቱ እስኪደርስ መሪውን በጣቱ ሲደበድብ ነበር።

የከተማው ሐበሻ ሰርግ ሁሉ ያለው አንዲት የኪስ ዳዊት የምታህል ጥቁር ሃርድ ድራይቭ ውስጥ ነው። ካሴቶቹ ድሮ ጋራዥ ውስጥ ነበሩ፤ መቶ አሥራ አምስት ዲግሪ ፋራናይት ሙቀት አጣሞ ጣላቸው፤ ደግነቱ ሰርፀ ቀድሞ ወደ ድራይቩ ገልብጧቸዋል። የሙሽሮቹስ ቅጂ እንዳይባል፣ ሙሽሮቹ ከተፋቱ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ዲቪዲው የት እንደገባ ሁለቱም አያውቁም፣ እንዲጠየቁም አይፈልጉም። እንግዲህ የናኦድ ድምፅ በዓለም ላይ ያለው እዚያች ጥቁር ዕቃ ውስጥ ብቻ ነው።

ሰርፀ ድራይቩን ከመሳቢያ አወጣ። አሮጌው ትልቁ ኮምፒውተሩ ባለፈው ዓመት ተቃጥሎ ስለነበር አሁን ያለው ወረቀት የምታህል ቀጭን ላፕቶፕ ናት፤ ከቻርጀሯ ቀዳዳ ሌላ ጎንና ጎኗ ላይ አንድ አንድ ፖርት፣ የገመድ መሰኪያ፣ አላት። በቀኙ ፖርት ላይ አንዱን መሰኪያ አራት የሚያደርግ ማባዣ ሰክቶ እዚያ ላይ ማውሱን፣ የስልኩን ቻርጀርና አንዲት ትንሽ ቬንትሌተር አንጠልጥሎባታል፤ ቬጋስ ነውና ያለ ቬንትሌተር ኮምፒውተር ፊት አይቆምም። ድራይቩን አራተኛ አድርጎ እዚያው ማባዣው ላይ ሰካው። የድራይቩ ገመድ በላፕቶፑ በኩል ሁለት ራስ አለው፤ ሁለተኛውን ራስ ግን ሰርፀ ድሮ ገና ሲገዛው "ይሄ ለሌላ ኮምፒውተር ነው" ብሎ ፈርዶበት ከገመዱ ጋር በፕላስተር ጠፍሮታል። በአሮጌው ኮምፒውተር በአንዱ ራስ ብቻ ያለ ችግር ሲሠራ ስለኖረ ደግሞም አላሰበበትም።

ሰማያዊዋ መብራት በራች። ድራይቩ ዝዝዝ ብሎ ተነሣ። ከዚያ ቀጭ አለ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። መብራቷ ጠፋች።

ነቀለው፣ ሰካው። ቀጭ ቀጭ። ማባዣውን ነቅሎ ወደ ግራው ፖርት አዞረው። ቀጭ ቀጭ። አንዴ የፋይሎቹ ስም ስክሪኑ ላይ ብቅ አለለት፤ ጠቅ ሳያደርግ ስሞቹ ብን ብለው ጠፉ። ተነሥቶ ሳሎኑን ዞረ። ተመልሶ ሰካ። ቬንትሌተሯ እየተሽከረከረች ፊቱን ታቀዘቅዘዋለች፣ እሱ ግን ላቡ በጀርባው ይወርዳል።

"ነገውኑ" ያለው ነገር ሳምንት ሆነ፤ ሳምንቱ ሁለት ሆነ። እንቅልፍ አጣ። አዳራሽ ውስጥ የዘረጋቸው ወንበሮች ለመጀመሪያ ጊዜ ተጣመሙ፤ አለቃው "አር ዩ ኦኬ፣ ሰር?" አለችው። አንዱ ባልደረባው የሞተ ድራይቭ ፍሪዘር ውስጥ ሲያድር ይነሣል ብሎ ነገረውና ኤልፍነሽ ድራይቩን በላስቲክ ጠቅልሎ የፍሪዘሩን በር ሲከፍት ደረሰችበት።

"ከበርበሬው ጋር?" አለችው። "ሰርፄ፣ ተው፣ ጤናህን ጠብቅ።"

ቅዳሜ አንድ የኮምፒውተር ጠጋኝ ጋ ወሰደው። ሰውየው ገመዱን እንኳ ሳያየው፣ በራሱ ገመድ ሳይሞክረው፣ የሰርፀን ላፕቶፕ ከነኮተቷ ጠረጴዛው ላይ አስከፍቶ ጆሮውን ጠጋ አድርጎ አዳመጠና "ኢትስ ዴድ" አለ። በቃ። ሰርፀ ከሱቁ ወጥቶ የእግረኛ መንገዱ ላይ ቆመ። አርባ ዓመት አሜሪካ ቢኖርም፣ አንድ ነገር ሞተ ከተባለ ሰርፀ የሚያውቀው ሥርዓት አንድ ብቻ ነው።

"ለዕቃ ደግሞ መርዶ አለ እንዴ?" አለች ኤልፍነሽ፣ ሐሳቡን ሲነግራት።

"ዕቃ አይደለም እኮ። የልጁ ድምፅ ነው። እኒህን ሴት በስልክ 'የልጅዎ ድምፅ ጠፋ' ልበላቸው? ብቻቸውን ቁጭ ብለው ይስሙት?"

ኤልፍነሽ አብራው ልትሄድ ተስማማች። ጋሽ ወልደሥላሴም ሲሰሙ "ልክ ነህ፣ ሰው ያስፈልጋቸዋል" አሉ። ከካዚኖ የካርታ ጠረጴዛ ጡረታ የወጡ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው፤ ረጋ ማለቴ ግን ከዚህ ስህተት አላዳነንም ይላሉ ዛሬ ሲያወሩት። ከሦስቱ አንዳቸው እንኳ "ቆይ፣ በር ላይ ስንቆም ምን እንመስላለን?" አላሉም።

ሰኞ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እትዬ የሺሃረግ የሚኖሩበት ዊንቸስተር ሰፈር ደረሱ። ሰርፀ ላፕቶፑን ከነማባዣው፣ ከነቬንትሌተሯ፣ ድራይቩንም ጨምሮ በቦርሳ ይዟል፤ በቸልታ ጠፋ እንዳይባል ማስረጃው ነው። ጋሽ ወልደሥላሴ ኮፍያቸውን አውልቀዋል። ኤልፍነሽ ልማድ ሆኖባት፣ ሳታስበው፣ ጥቁር ሻርፕ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋለች። ሰርፀ በሩን አንኳኳ፤ ሁለት ጊዜ፣ ቀስ አድርጎ፣ ሁልጊዜ እንደሚያንኳኳው።

እትዬ የሺሃረግ ጸጉራቸውን በሻሽ ሸብ እንዳደረጉ ከፈቱ። ሰርፀን አዩ። ከጀርባው ጋሽ ወልደሥላሴን አዩ። ዓይናቸው የኤልፍነሽ ጥቁር ሻርፕ ላይ አረፈ።

"ሔዋን" አሉ።

ሔዋን ሲያትል ነርስ ናት፤ የቀረቻቸው ልጅ እሷ ብቻ ናት። ሰርፀ አፉን ከመክፈቱ በፊት ጩኸታቸው ሕንፃውን ሞላው።

"አይደለም እትዬ! ሔዋን ደኅና ናት! ስለ ቪዲዮው ነው የመጣነው!"

"ውሸታም!" ደረቱን በሁለት እጃቸው ገፉት። "ያን ጊዜም 'ትንሽ አሞት ነው' ብለኸኛል! 'ሆስፒታል ተኝቷል፣ እንሂድ' ብለኸኛል! እኔ ሞኟ ሾርባ አሙቄ፣ በፔርሙስ ይዤ፣ መኪናህ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀምጬ! ለሞተ ልጅ ሾርባ! እያየኸኝ! ዛሬ ደግሞ ቪዲዮ ትለኛለህ?"

ሰርፀ ፔርሙሱን ያስታውሰዋል። አረንጓዴ ነበር። ያን ቀን እያሽከረከረ በጎን አይቶት፣ ምን እንደሆነ ገብቶት፣ መንገዱ ላይ ዓይኑን ተክሎ ዝም ብሏል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ምን አጠፋሁ እያለ ሲዞር መልሱን ራሱ ያውቀው ነበር ማለት ነው።

የላይኛው ፎቅ ጎረቤት ሐበሻ ናት፤ ነጠላዋን ገልብጣ ለብሳ እየሮጠች ወረደች፤ ማንንም ሳትጠይቅ "ወይኔ ሔዋንዬ!" ብላ ደረቷን መታች። ከማዶ ሕንፃ ሁለት ሴቶች ተከተሏት።

"ሔዋን አልሞተችም!" አለ ሰርፀ እየጮኸ።

"መቼ ነው?" አለች አንዷ እያለቀሰች።

"አልሞተችም እኮ ነው የምለው!" ቦርሳውን ከፍቶ ድራይቩን ወደ ላይ አነሣው። "የሞተው ይሄ ነው! ይሄ!"

ማንም አላየለትም። ጋሽ ወልደሥላሴ እትዬ የሺሃረግን ደግፈው ሶፋ ላይ አስቀመጧቸው። "ደውዪላት፣" አሉ ለኤልፍነሽ፣ "አሁኑኑ ለልጅቱ ደውዪላት።" ኤልፍነሽ በእትዬ የሺሃረግ ስልክ ደወለች። ጠራ፣ ጠራ፣ አልተነሣም። ደግማ ደወለች። አልተነሣም። በየጥሪው እትዬ የሺሃረግ ወደ ታች እየሰመጡ ሄዱ፤ ለቅሶውም እየበረታ ሄደ። ሰርፀ ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ ይላል። በአምስተኛው ጥሪ ላይ እሱም ተጠራጠረ። እውነት ሆኖ ቢሆንስ? እኛ ለዕቃ ስንመጣ እውነተኛው ነገር ቀድሞን ቢሆንስ? አምላክን ስለ ድራይቭ ሲለምን ሁለት ሳምንት የከረመ ሰው፣ አሁን "ድራይቩ ገደል ይግባ፣ ልጅቷን ብቻ" አለ።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ ስልኩ ጮኸ።

"ሄሎ? እማ?" የእንቅልፍ ድምፅ ነው። "አሥራ አንድ ሚስድ ኮል? ናይት ሺፍት ነበርኩ እኮ፣ ተኝቼ። ዋት ሃፕንድ?"

እትዬ የሺሃረግ አልመለሱላትም። ስልኩን ከኤልፍነሽ እጅ ነጥቀው ደረታቸው ላይ ለጠፉት፤ ሔዋን ከወዲያ "እማ? እማ?" ትላለች። ከዚያ ጎንበስ ብለው የአንድ እግራቸውን ነጠላ ጫማ አነሡና ወደ ሰርፀ ወረወሩት። ትከሻውን መታው። አልሸሸም። ሁለተኛውንም ወረወሩት። እንባው እየወረደ "ልክ ነዎት፣ ልክ ነዎት" ይላል።

ነገሩ ለሔዋን እስኪገባት ጊዜ ወሰደ። ሲገባት መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ የናኦድ ድምፅ የሚለውን ስትሰማ ሳቋ ቆመ።

"ዌት። ጋሽ ሰርፄ፣ ድራይቩ ምን ያደርጋል?"

"ቀጭ ቀጭ ይልና ይሞታል።"

"ፕላግ አድርገው፤ እኔ ልስማው።"

ሰርፀ ላፕቶፑን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ከፈተ፣ ማባዣውን ሰካ፣ ድራይቩን ሰካ። ቬንትሌተሯም ተነሥታ መሽከርከር ጀመረች። ቀጭ፣ ቀጭ።

"አውጣው አውጣው! ዋት ኢዝ ዛት ኖይዝ? ፋን አለ እንዴ እዛ?"

"ትንሽ ቬንትሌተር ናት። ማውሱና የስልኬ ቻርጀርም እዚያው ማባዣው ላይ ናቸው።"

"ፋን፣ ማውስ፣ ስልክ፣ ሃርድ ድራይቭ፣ ሁሉም አንድ ፖርት ላይ? ጋሼ! እሱ አልሞተም፣ ፓወር አልደረሰውም! ከላፕቶፑ ነው የሚበላው፣ ሌላ መብራት የለውም። ኮሌጅ እያለሁ እንደዚህ ድራይቭ ነበረኝ። ኬብሉ ሁለት ራስ የለውም?"

ሰርፀ ገመዱን አነሣ። ፕላስተሩ እዚያው ነው፤ አርጅቶ ጠቁሯል። ያ ሁሉ ሰው ሲያየው ጆሮው ድረስ ጋለ።

"አለው፣" አለ ቀስ ብሎ። "ትርፍ መስሎኝ አስሬዋለሁ።"

ሦስት ጎረምሳ ያለበት ትሪ ላይ አንድ ሽማግሌ አስቀምጦ ለምን አልጠገብክም እንደማለት ነው፤ ድራይቩ ሁለት ሳምንት ሙሉ በረሃብ ሲያቃስት ሰርፀ ሞተ ብሎ ፈረደበት። ፕላስተሩን በጥፍሩ ቢለው አልላቀቅ አለ፣ በጥርሱ ያዘው። ኤልፍነሽ "አምጣ" ብላ ነጥቃ በቢላ ፈታችው። ሔዋን ከስልኩ ውስጥ ታዛለች፦ ማባዣውን አውልቁ፣ የላፕቶፑን ቻርጀር ግድግዳው ላይ ሰኩ፣ አንዱን ራስ በቀኝ፣ አንዱን በግራ። ገመዱ አጭር ስለሆነ ድራይቩ ላፕቶፑ ጀርባ ላይ ተሰቅሎ ቀረ፤ ጋሽ ወልደሥላሴ በመዳፋቸው ደገፉት።

ሰማያዊዋ መብራት በራች። ዝዝዝ አለ። ዝዝዝታው ቀጠለ፤ መብራቷም እንደበራች ቆየች። ስሞቹ አንድ በአንድ ስክሪኑ ላይ ተደረደሩ። ለለቅሶ የወረዱት ሴቶች ነጠላቸውን እንደገለበጡ ከሰርፀ ጀርባ ተደርድረዋል፤ አንዳቸውም አልሄዱም።

ሰርፀ ሰርጉን ከፈተ። ወደ ፊት ገፋው፣ አለፈው፣ መለሰው። ሸሚዙን እስከ ክርኑ የጠቀለለ ቀጭን ጎረምሳ ጉንጩ በምግብ ተወጥሮ ወደ ካሜራው ቀና አለ።

"ጋሽ ሰርፀ፣ እባክህ ላኝከው!" አለ ናኦድ። ዋጠ፣ ሳቀ። "እማ! እማ፣ ነይ እስቲ፣ ምን ልበል?"

"መርቃቸው እንጂ!" የሚል የእትዬ የሺሃረግ ድምፅ ከካሜራው ውጭ ተሰማ።

"እሺ። እንዳትጣሉ። ብትጣሉም እኛ ቤት እንዳትመጡ፤ እማ ላስታርቅ ካለች ማክሰኞ ጀምራ እሑድ ነው የምትጨርሰው።"

በዙሪያው የነበሩት ሲስቁ ተሰማ፣ ካሜራው ወደ ሌላ ሰው ዞረ፤ በቃ ይኸው ነው። ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። እትዬ የሺሃረግ ዓይናቸውን አላበሱም፣ ስክሪኑንም አልነኩም። ጆሯቸውን ወደ ላፕቶፑ አዘንብለው ቆይተው "ድጋሚ" አሉ። ሰርፀ መለሰው። ከስልኩ ውስጥ ሔዋን አፍንጫዋን ስትጠርግ ይሰማል። "ድጋሚ።" መለሰው። በአራተኛው ላይ እትዬ የሺሃረግ ከልጃቸው ሳቅ ጋር ትንሽ ሳቁ።

ሰርፀ ከኋላቸው ቆሞ አላስችል አለው። ዘጠኝ ዓመት የተሸከመው ነገር፣ ስሙን ዛሬ ጠዋት በር ላይ ያወቀው ነገር፣ ከአፉ ወጣ።

"እትዬ የሺ፣" አለ፣ "ያን ቀን ፔርሙሱን ይዘው መኪናዬ ሲገቡ አይቻለሁ። ገብቶኝ ነበር። ዝም አልኩ። ዛሬም በዚያው እጄ አንኳኩቼ... ይቅር..."

እትዬ የሺሃረግ ዞር ሳይሉ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው ክንዱን ያዙት።

"ዝም በል ሰርፀ" አሉ። "ልጄ እየተናገረ ነው።"